እጃችሁ ላይ ተቀመጡ

ናትናኤል ከአዲስ አበባ ሲደውል ሥራ ላይ ነበርኩ። ሁልጊዜ በቀልድ ነው የሚጀምረው፤ ዛሬ ግን ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርስ «መምህር ይርጋ አረፉ» አለኝ። «ዛሬ ማለዳ ነው አሉ። አልሰማሽም እንዴ?»

አልሰማሁም። እሳቸው አርባ ምንጭ ሼቻ ሰፈር፣ እኔ እዚያው ሲቀላ ሰፈር፣ በመካከላችን አንድ ዳገት ብቻ እያለ የመምህሬን ሞት ከአዲስ አበባ ሰማሁ። መጀመሪያ የመጣብኝ ሐዘን ሳይሆን ንዴት ነው። ስልኩን ዘግቼ ተነሳሁ፤ መልሼ ተቀመጥኩ፤ እንደገና ተነሳሁ። መስኮቱን ከፈትኩ፤ ሙቀቱ ግልብጥ ብሎ ሲገባ ዘጋሁት። አለቃዬ «ብርቱካን፣ ምን ሆነሻል?» ቢሉኝ ቦርሳዬን አንጠልጥዬ ወጣሁ።

ባጃጁ ውስጥም ቁጭ ማለት አቃተኝ። የምሄድበትን ስነግረው ሹፌሩ ዞሮ አየኝ። «መምህሩ ቤት ነው? እኔ እኮ አውቀዋለሁ። ያ ረጅሙ፣ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ የሚሄደው። አንድ ቀን እንኳ አልተሳፈረልኝም። ዳገቱን በእግሩ ነው የሚወጣው» አለ።

አዎ፣ እሳቸው ናቸው።

መምህር ይርጋን ቁጭ ብለው ያየ ተማሪ የለም። የጎጃም ሰው ናቸው፤ በወጣትነታቸው ዩኒቨርሲቲ ሊያስተምሩ ወደ አርባ ምንጭ መጥተው በዚያው ቀሩ። ሙቀቱን እስከ መጨረሻው አልለመዱትም፤ ጥለውትም አልሄዱም። በዚያ ሙቀት ረጅም እጅጌ ሸሚዝ ለብሰው እስከ አንገታቸው ይቆልፉታል። እኛ በስስ ቲሸርት እየቀለጥን እሳቸው እጃቸውን ከኋላ አጣምረው በጠረጴዛዎቹ መካከል ይመላለሳሉ። ፊት ለፊት ቆሞ ማስተማር የሚባል ነገር አያውቁም። ድምፃቸው ሁልጊዜ ከኋላችን ነው የሚመጣው፤ አጠገባችን መሆናቸውን የምናውቀው ሲናገሩ ብቻ ነው።

ያስተማሩን ዳታቤዝ የሚባለውን ኮርስ ነው፤ መረጃ ኮምፒውተር ውስጥ እንዴት እንደሚደረደር፣ እንዴት እንደሚፈለግ። ለብዙዎቹ አንድ ኮርስ ነበር። ለእኔ ግን መኖርና አለመኖር ነበር። አንደኛ ዓመት ላይ ውጤቴ ወርዶ ማስጠንቀቂያ ደርሶኛል። በዚህ ኮርስ «ኤፍ» ካመጣሁ ሻንጣዬን ይዤ ወደ ተወለድኩበት ጨንቻ መመለሴ ነው። አባቴ ሸማኔ ነው። ግቢ ስገባ ቤተ ዘመዱ በሙሉ «የኮምፒውተሯ ተማሪ» እያለ መርቆ ነው የሸኘኝ። ያንን ሁሉ ምርቃት ይዤ፣ ያንን ጠመዝማዛ መንገድ ወደ ላይ ተመልሼ፣ እቤት ገብቼ ምን እላለሁ? ይህን እያሰብኩ ነበር የምተኛው፤ ይህን እያሰብኩ ነበር የምነሳው። ምግብ ቤት ተሰልፌ እንኳ እግሬ ዝም ብሎ አይቆምልኝም ነበር።

በመጀመሪያው ቀን መምህር ይርጋ ከወንበራችን አስነሱን። «ኮምፒውተር መጀመሪያ የነካችሁት መቼ ነው? በዚያ ቅደም ተከተል ግድግዳውን ተጠግታችሁ ተሰለፉ» አሉ። ክፍሉ ታመሰ። ከቤታቸው ኮምፒውተር ያላቸው የከተማ ልጆች በር አጠገብ ቆሙ። ኢንተርኔት ቤት ያወቁት መሃል ላይ። እኛ፣ ግቢ ከገባን በኋላ የነካነው፣ ወደ ጥግ ተገፋን። ማንም የመጨረሻው መሆን ስላልፈለገ እዚያ ጥግ ላይ ትንሽ ግፊያ ነበር። ተሸነፍኩ። ከእኔ ኋላ የነበረው ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የእሳት ማጥፊያ ብቻ ነው።

ከዚያ እየቆጠሩ በፊታችን አለፉ፤ አንድ ዓይነት ቁጥር የደረሳቸው አንድ ቡድን ሆኑ። በእያንዳንዱ ቡድን ከዚያኛውም ከዚህኛውም ጫፍ ሰው እንዲገባ ነው። «ሴሚስተሩ እስኪያልቅ ቡድናችሁ ይሄው ነው» አሉ። «ብትፋቀሩም አልቀይርም፤ ብትጣሉም አልቀይርም።»

የእኛ ቡድን አምስት ሰው ነበር። በር አጠገብ የቆመው ናትናኤል ነው፤ የአዲስ አበባ ልጅ፣ ጣቱ ኪቦርድ ላይ ሲሮጥ ዓይን አይከተለውም። የሲቀላው ካሳሁን አለ፤ አባቱ ሚኒባስ ይነዳል፣ እሱ ደግሞ ሰው ላይ ይቀልዳል። ጨንቻ አፕል ስለሚበቅል «ከአፕል አገር የመጣች ብርቱካን» ብሎ የጠራኝ በዚያው ቀን ነው። ሌሎቹ ሁለቱ ሴቶች ናቸው፤ አንዷ ከሶዶ፣ አንዷ ከደሴ፣ ሁለቱም ጠንካራ ተማሪዎች። እና እኔ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አዲስ ምዕራፍ ስንጀምር በቤታችን አንብበን እንመጣና ለየብቻችን አጭር ፈተና እንወስዳለን። ከዚያ ያንኑ ፈተና በቡድን እንደገና እንወስዳለን፤ አምስት ሰው፣ አንድ መልስ። አንድ መልስ ለማግኘት ሰው እንዴት እንደሚጨቃጨቅ ያየሁት እዚያ ነው። ክፍሉ የገበያ ቀን ይመስላል። ከዚያ ደግሞ ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ የቡድን ሥራ አለ፤ ለአምስት ሰው አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ኪቦርድ።

ኪቦርዱን የያዘው ናትናኤል ነበር። ማንም አልመረጠውም፤ ማንም አልተቃወመም። ክፉ ልጅ ቢሆን ኖሮ እንዴት ደስ ባለኝ! ግን ደግ ነው። ከምግብ ቤት ስቀር ዳቦ ያስቀምጥልኛል። የቡድን ሥራ ሲመጣ ፊቴን ያይና «ብርቱዬ፣ አታስቢ። እኔ እጨርሰዋለሁ፤ ስምሽን አስገብቻለሁ» ይለኛል። ሌሎቹም «አታስቢ» ይሉኛል። አራቱ ኮምፒውተሩን ከበው ሲቀመጡ እኔ ከኋላ እቆማለሁ። ስክሪኑን ሳይሆን አራት ጀርባ እያየሁ ግማሽ ሴሚስተር አለፈ። የቡድኑ ውጤት እያማረ ሄደ፤ ለብቻዬ የምፈተነው ግን ከሥር ከሥሩ እየተናደ ነበር። «አታስቢ» ባሉኝ ቁጥር የማስበው ይበዛል።

ከዚያ የእርስ በርስ ምዘናው መጣ። እያንዳንዳችን ለቡድን ጓደኞቻችን ከአሥር ነጥብ እንድንሰጥ ታዘዝን። ማን ሠራ፣ ማን አልሠራም የሚለውን እኛው ራሳችን እንድንናገር ነው። በማግስቱ መምህር ይርጋ ሲገቡ እንደ ወትሮው ወደ ኋላ አልሄዱም፤ ፊት ለፊት ቆሙ። ያኔ ነገር እንዳለ ገባን።

«ይሄ ውጤት አይደለም» አሉ ጠረጴዛው ላይ ያሉትን ወረቀቶች በአገጫቸው እያመለከቱ። «ይሄ ሰላምታ ነው። እንዴት አደራችሁ፣ አሥር። ቤተሰብ ደህና፣ አሥር። ልጆች ደህና፣ አሥር። በክፍሉ በሙሉ ከአሥር የወረደ ሰው የለም!»

ሳቅን። እሳቸው አልሳቁም።

«ውሸታሞች ናችሁ አላልኩም። ደጎች ናችሁ። የቸገረኝ ደግነታችሁ ነው» አሉና ቀጥ ብለው ወደ እኛ ጠረጴዛ መጡ። «ብርቱካን፣ አራቱም አሥር አሥር ሰጥተውሻል። እስቲ አሥር ያገኘሽበትን ሥራ አሳዪኝ።»

ናትናኤል ሊያድነኝ ተሽቀዳደመ። «መምህር፣ እሷ ሐሳብ ትሰጠናለች።»

«ጥሩ። ምን ሐሳብ ሰጠችህ?»

ናትናኤል ወደ ካሳሁን አየ። ካሳሁን ጣሪያውን አየ። ሁለቱ ሴቶች አንገታቸውን ደፉ። አራቱ በአንድነት ስለ እኔ ሲያፍሩልኝ ሳይ ተነስቼ ቆምኩ። እኔ እንደሆንኩ ከትንሽነቴ ጀምሮ ቁጣዬን መዋጥ አልችልም።

«ኪቦርዱን አንድ ቀን እንኳ ሳልይዘው ምን ላሳይ?» አልኩ። «ልሞክር ስል ‹አታስቢ› ይሉኛል። ልጠይቅ ስል ‹አታስቢ› ይሉኛል። ስሜን ብቻ ነው የሚጽፉት። ስሜን መጻፍማ እኔም እችላለሁ!»

የናትናኤል ጆሮ ሲቀላ አየሁ። መምህር ይርጋ ግን ፈገግ አሉ። ከኋላቸው ተጣምሮ የኖረው እጃቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲፈታ ያየሁትም ያን ቀን ነው። ኪቦርዱን ከናትናኤል ፊት አንስተው ገመዱን እየጎተቱ እኔ ፊት አስቀመጡት።

«ናትናኤል፣ እጅህ ላይ ተቀመጥ» አሉ።

«ምን አሉኝ፣ መምህር?»

«እጅህን ጭንህ ሥር አድርግና ቁጭ በልበት። አፍህን አልከለከልኩህም፤ እንደ ልብህ ተናገር። እጅህ ግን ይቀመጥ።» ከዚያ ወደ ክፍሉ ዞሩ። «ሁላችሁም! ከዛሬ ጀምሮ የገባው ይናገር፤ ያልገባው ይንካ።»

ከዚያ በኋላ የመጡት ሳምንቶች ለናትናኤል ገሃነም ነበሩ። ለእኔም። አንድ ፊደል ፍለጋ ኪቦርዱን ከጫፍ ጫፍ አስሳለሁ፤ እሱ ደግሞ እጁ ላይ ተቀምጦ ጉልበቱ ይርገበገባል። ወንበሩ ሲንቋቋ እስካሁን ይሰማኛል። «እዚያ ጋ! እሱን! አይ፣ ያንን!» ይላል። ከኋላችን ያ ድምፅ ይመጣል። «ናትናኤል፣ ‹ያንን› የሚባል ቁልፍ የለም።» ያኔ ቆም ብሎ ያስባል። በጣቱ የሚያውቀውን በአፉ መናገር አይችልም ነበር። ለምን እንዲህ እንደሚደረግ ስጠይቀው «እንዲህ ስለሆነ ነዋ!» ይለኛል። «እንዲህ ስለሆነ» የሚለው መልስ ለእኔ አይበቃኝም፤ አልነካም ብዬ እቀመጣለሁ። ተናዶ እንደገና ይጀምራል፤ በሦስተኛው ላይ እኔም ይገባኛል፣ እሱም ይገባዋል።

ግን ዘገየን። ሁሉም ቡድን ዘገየ። ቀድሞ በአንድ ከሰዓት የሚያልቀው ሥራ ሳምንት መፍጀት ጀመረ። የቡድናችን ውጤት ወረደ። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ አንድ ቀን ኮምፒውተር ላብራቶሪው ድረስ መጥተው ግማሹ ተማሪ እጁ ላይ ተቀምጦ ሲያዩ በር ላይ ቀሩ።

«መምህር ይርጋ፣ በዚህ አያያዝ ኮርሱ መቼ ሊያልቅ ነው?»

«ኮርሱማ እኔ ብቻዬን ባወራው እስከ ዓርብ ያልቃል» አሉ መምህር ይርጋ፣ መመላለሳቸውን ሳያቆሙ። ኃላፊው ራሳቸውን ነቅንቀው ሄዱ። ተማሪውም ጉምጉምታ ጀመረ። ዶርም ውስጥ «በአንዳንድ ሰዎች ምክንያት» የሚል ንግግር እኔ ስገባ ይቆማል።

አላስቻለኝም። ከክፍል ሲወጡ ተከትያቸው ሮጥኩ። እሳቸውን ለማናገር መቆም አይቻልም፤ አብሮ መሄድ ነው። ግቢው ውስጥ ካለው ማንጎ ሥር ጦጣዎች የተማሪ ዳቦ ሲሻሙ በመካከላቸው እያለፍን «መምህር፣ ይቅርብኝ። ኪቦርዱን ይውሰዱት። እኔ ብባረር ልባረር፤ የሌሎቹን ውጤት ለምን አበላሻለሁ?» አልኳቸው።

ትንሽ ሄዱ። «እጄን ለምን ወደ ኋላ እንደማጣምር ታውቂያለሽ?»

«ልማድ መስሎኝ።»

«ብለቀው ይነጥቃል» አሉ። «ወጣት ሳለሁ ተማሪ ሲንተባተብ ማየት አልችልም ነበር። ነጥቄ እሠራለታለሁ። ፈጣን መምህር ይሉኝ ነበር፤ ይወዱኝ ነበር። በኋላ ሳየው ለካ ሳስተምር የኖርኩት የገዛ እጄን ነው።» ከዚያ ድንገት ቆሙ። እሳቸው ሲቆሙ እኔ ሁለት እርምጃ አልፌያቸው ሄድኩ። «አንቺ ተመልሰሽ ጨንቻ ብትገቢ እኔ እዚህ እየተመላለስኩ እንቅልፍ የሚወስደኝ ይመስልሻል? በይ ሂጂ፤ ጓደኞችሽ እየጠበቁሽ ነው።»

የመጨረሻው የቡድን ሥራ የራሳችንን ሐሳብ አምጥተን የምንሠራው ነበር። ካሳሁን የአባቱን ሥራ አመጣ፤ ከሲቀላ መናኸሪያ የትኛው መኪና መቼ እንደሚነሳ ለተሳፋሪ የሚናገር ፕሮግራም። ናትናኤል ወደደው። እጁ ላይ ተቀምጦ ዓይኑን ጨፍኖ እየነገረኝ እኔ እጽፋለሁ። የመኪናው ቁጥር። መድረሻ። መነሻ ሰዓት፤ ሰዓቱ ካልተሞላ ፕሮግራሙ አይቀበልም። የአዲስ አበባውን ሞላን፣ የሐዋሳውን ሞላን። ጨንቻ ስንደርስ ጣቴ ቆመ።

«ምነው?» አለ ናትናኤል ዓይኑን ገልጦ።

«የጨንቻ መኪና ሰዓት የለውም።»

«እንዴት ሰዓት አይኖረውም? መቼ ነው የሚነሳው?»

«ሲሞላ ነዋ!»

ካሳሁን ሳቁን ለቀቀው። «እውነቷን ነው። የገበያ ቀን ገና ሳይቆም ይሞላል፤ ሌላ ቀን ከሰዓት ከሆነ ጎማው ሥር ሣር ይበቅላል።»

ናትናኤል ጉልበቱ መርገብገብ ጀመረ። «እሺ፣ ለጊዜው ዝም ብለሽ ሁለት ሰዓት በይው። ባዶ መተው አይቻልም።»

አልጻፍኩም። ስንት ጊዜ ያንን መኪና ውስጥ ተቀምጬ አንድ ሰው ብቻ ቀረ ሲባል ስጠብቅ እንደዋልኩ አስታወስኩ። የጨንቻ ሰው ሰዓት አይጠይቅም፤ «ስንት ሰው ቀረ?» ብሎ ነው የሚጠይቀው። ማንንም ሳላስፈቅድ የመነሻ ሰዓቱን አጥፍቼ በእሱ ቦታ የቀረውን ወንበር አስገባሁ። ናትናኤል ስክሪኑን አየ፣ እኔን አየ። «ይሄ ይሻላል» አለ በመጨረሻ፤ ሲለው አልጣመውም፣ ግን አለው።

የማቅረቢያው ዕለት ከሌላ ቦታ የመጡ ፈታኝ ነበሩ፤ ዶክተር ናቸው፣ ከረባት አድርገዋል፣ ላባቸውን እየጠረጉ ነው። መምህር ይርጋ ማን እንደሚያቀርብ ለናትናኤል ተዉለት። ነጥቡ የአምስታችንም ነው፤ እሱ ቢያቀርብ ሙሉውን እንደምናገኝ ሁላችንም እናውቃለን። ናትናኤል እጁ ላይ እንደተቀመጠ በአገጩ እኔን አመለከተ።

አቀረብኩ። ፈታኙ «መነሻ ሰዓት ለምን የለም?» አሉኝ። «መኪናው ስለሌለው ነው» አልኳቸው። ተሳቀ። ከዚያ ግን «እሺ፣ አንድ ተሳፋሪ መጠበቅ ሰልችቶት ቢወርድስ? አሁን እዚሁ አስተካክይልኝ» አሉ። ያልተዘጋጀሁበት ነው። ጀመርኩ፤ ተሳሳትኩ፤ ፕሮግራሙ ቀይ መልእክት አወጣ። እንደገና ጀመርኩ። ክፍሉ ውስጥ የሚሰማው የናትናኤል ወንበር ብቻ ነበር። ላቤ ኪቦርዱ ላይ ሲንጠባጠብ አየሁ፤ ጨንቻም፣ አባቴም፣ ሻንጣዬም በዓይኔ ላይ ሄዱ። ዶክተሩ አዘኑልኝ መሰለኝ፣ «እስቲ ልርዳሽ» ብለው እጃቸውን ወደ ኪቦርዱ ዘረጉ።

«ዶክተር» አለ ከኋላ ያ ድምፅ። «ይቅርታ ያድርጉልኝና እጅዎ ላይ ይቀመጡ።»

ሰውዬው ቀልድ መስሏቸው ዞሩ። መምህር ይርጋ ግን እየቀለዱ አልነበረም። ክፍሉ በሙሉ እጁ ላይ ተቀምጧል፤ ዶክተሩ ግራ ገብቷቸው ዙሪያቸውን ሲያዩ፣ ከረባታቸውን እንዳደረጉ፣ ቀስ ብለው እጃቸውን ጭናቸው ሥር አስገቡ። የሚነጥቀኝ እንደሌለ ሳውቅ ነው መሰለኝ ስህተቴ የታየኝ። አስተካከልኩት። ተሳፋሪው ወረደ፤ ወንበሩ ተመለሰ።

በዚያ ኮርስ «ሲ» አገኘሁ። ሰው በ«ሲ» እንዲህ ሲያለቅስ አላየንም ብለው ሳቁብኝ። ናትናኤል በሕይወቱ የመጀመሪያውን «ቢ» አግኝቶ ሳምንት ሙሉ አኮረፈኝ፤ ከዚያ ማንጎ ይዞ መጣ። እኔም አልተባረርኩም፤ ተመረቅኩ፤ አባቴ የሸመነውን ጋቢ ለመምህር ይርጋ ላከላቸው። በዚያ ሙቀት ጋቢውን ለብሰው ላብራቶሪ ድረስ መጡ።

ዘንድሮ ታመሙ ሲባል ልጠይቃቸው ሄድኩ። ስትሮክ ነው፤ የቀኝ ጎናቸው አይታዘዝም፣ ንግግራቸውም ተይዟል። በረንዳቸው ላይ፣ አባያ ሐይቅ ቡናማ ሆኖ ከሩቅ በሚታይበት፣ ወንበር ላይ አስቀምጠዋቸዋል። ቁጭ ብለው ሳያቸው ደነገጥኩ። ሚስታቸው እትዬ የሺና ልጃቸው ሰላማዊት እንደ ሕፃን ነው የሚንከባከቧቸው። ያጎርሷቸዋል፣ አፋቸውን ይጠርጉላቸዋል፣ ሸሚዛቸውን ይቆልፉላቸዋል። እንደዚያ ያለ ፍቅር በየቤቱ አይገኝም።

እኔን ሲያዩ ግራ እጃቸው ጠረጴዛው ላይ ወዳለው ስልክ ሄደ። ገና ሲያነሱት ሰላማዊት ቀልጠፍ ብላ ተቀበለቻቸው። «አባዬ፣ ለማን ልደውልልህ?» ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ፤ እንደገና ዘረጉ። እትዬ የሺ «ተው አትድከም፣ እኛ አለንልህ» ብለው እጃቸውን መልሰው ጭናቸው ላይ አስቀመጡላቸው። ያኔ ፊታቸውን አየሁት። አወቅኩት። ከአራት ጀርባ ኋላ ቆሜ የኖርኩበት የእኔ ፊት ነው።

«ሰላም፣ እባክሽ ስልኩን መልሺላቸው» አልኳት።

«አይችልም እኮ፣ ብርቱካን። ይደክመዋል።»

ምን ብዬ ላስረዳት? እጆቼን ጭኔ ሥር አስገብቼ ተቀመጥኩባቸውና ዝም ብዬ እሳቸውን አየሁ። አዩኝ። የአፋቸው አንዱ ጎን ብቻ ሳቀ። ሰላማዊት እኔን አየች፣ አባቷን አየች፤ ከዚያ ስልኩን ግራ እጃቸው ላይ አደረገችው።

እንዴት ያለ ጭንቅ ነው! ጣታቸው ፊደሉን ይስታል፤ ያጠፋሉ፤ እንደገና ይስታል። እትዬ የሺ ይነሳሉ፣ ይቀመጣሉ። እኔ እግሬ ወለሉን ይደበድባል፤ ወንበሬ ይንቋቋል። ናትናኤል ምን ያህል እንደተሠቃየ የገባኝ ገና ያን ቀን ነው። ብቻ ማናችንም አልነካንም። በመጨረሻ ቦርሳዬ ውስጥ ስልኬ ጮኸ። እጄ ላይ ስለተቀመጥኩ አላነሳሁትም። እሳቸው በአገጫቸው «አንሺው» አሉኝ። አወጣሁት።

«ሻይ ጠጪ» ይላል።

እትዬ የሺ «ውይ በሞትኩት! እንግዳዋን ሻይ ሳልጋብዝ!» ብለው ወደ ጓዳ ሮጡ። መምህር ይርጋ በግማሽ አፋቸው እየሳቁ፣ እኔ እንባዬ እየወረደ፣ ሻዩ መጣ። ስወጣ ሰላማዊት እስከ በር ስትሸኘኝ ስለ ላብራቶሪው ነገርኳት፤ ስለ ኪቦርዱ፣ ስለ ዶክተሩ። አንዱንም አልሰማችም ነበር። ቤት ውስጥ ነግረዋት አያውቁም።

ዛሬ ስደርስ ድንኳኑ ገና እየተተከለ ነው። የዕድሩ ሰዎች ገመድ ይጎትታሉ፣ ወንበር ይደረደራል። «ተቀመጪ፣ ልጄ» ይሉኛል፤ አልችልም። ገመድ ልይዝ እሄዳለሁ፣ ወንበር አነሳለሁ፣ መልሼ አስቀምጣለሁ። ያንን መመላለሳቸውን እኔ የወረስኩት ይመስል ከአጥሩ እስከ በረንዳው እሄዳለሁ፣ እመለሳለሁ። ሰላማዊት ጥቁር ለብሳ ወጣችና አቀፈችኝ።

«አንቺ ከመጣሽ ወዲህ» አለችኝ፣ «ራሱ ነበር የሚበላው። ምሳው እስከ እራት ይደርስ ነበር፤ ያፈሰዋል፣ እናቴ ታለቅሳለች፣ ግን ራሱ ነው። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ሸሚዙን ራሱ ለበሰ። በግራ እጁ እስከ አንገቱ ቆለፈው። ጨርሶ ቀና ብሎ አየን፤ ከዚያ በዚያው ወንበር ላይ አረፈ።» እንባዋን በመዳፏ ጠረገች። «አንዷን ቁልፍ ዘሏት ነበር። ሸሚዙ ወደ አንድ ጎን ተንጋዷል። ጎረቤት ሳይገባ ላስተካክለው ብላ እናቴ እጇን ስትዘረጋ ያዝኳት። ተይው አልኳት። ራሱ የቆለፈው ነው።»

አጠገቤ ባዶ ወንበር ነበር። ከጠዋት ጀምሮ መቆሚያ መቀመጫ ያጣሁት እኔ ያን ጊዜ ተቀመጥኩ።